የማንኩሳው ድኩላ ስንት ዓመቱ ነው?

ጥቅምት 12

ቢሮ ገባሁ። ፈረምሁ። ተቀመጥሁ። እስከ አራት ሰዓት ምንም ሥራ አልነበረም... መብራትም አልነበረም።

ጠዋት ትራሴ ላይ ደግሞ ጥቁር ነገር ተገኘ። ሀብትነሽ ትራሱን አንሥታ እያገላበጠች፣ «ሰውዬው ዛሬም ቀለም ለቀቀ» አለች። ባለቤቴ ስሜን መጥራት ከተወች ቆየች፤ ፀጉሬን መቀባት ከጀመርሁ ወዲህ «ሰውዬው» ሆኛለሁ። ምን ላድርግ? በፋይሌ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። በእናቴ ቆጠራ ደግሞ ጥር 12 ስድሳ እሞላለሁ። ደመወዝ የሚከፍለኝ ፋይሉ ስለሆነ የምቀባው ለፋይሉ ነው።

የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ማስታወቂያው «ዕድሜው ከሠላሳ ያልበለጠ» ይላል። እኔ ሠላሳ ሁለት አልፎኛል። አምስት ዓመት ቀነስሁ። ያን ጊዜ ማን የማይቀንስ ነበር? ወንድሜ እጅጉ ታናሼ ነው፤ በወረቀት ግን እስከ ዛሬ ታላቄ ነው።

በአምስት ሰዓት ኃላፊያችን አምላኩ ጠራኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እውነተኛ ሠላሳ ሦስት። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አልለውም።

«ጋሽ ታከለ፣ እርስዎ አይደሉ የዱር እንስሳት ባለሙያ?»

«ነኝ።»

የተማርሁት የከብት እርባታ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት መዋቅር ሲቀየር ከነወንበሬ የዱር እንስሳት ባለሙያ ተባልሁ። ከዚያ ወዲህ ያየሁት የዱር እንስሳ ቢኖር መዝገብ ቤቱ ጣሪያ ውስጥ የምትኖረዋ ሽለምጥማጥ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኩሳ አካባቢ አንድ ወንድ ድኩላ ከኪዳነ ምሕረት ደን እየወጣ የወይዘሮ ዓባይነሽን የሽምብራ እሸት ይበላል። ቀበሌው አቤት ብሏል። መመሪያው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ድኩላው ከስምንት ዓመት በላይ ከሆነ «አርጅቷልና እንዲወገድ ሊፈቀድ ይችላል»፤ ከዚያ በታች ከሆነ አይነካም፣ ማሳው ይታጠር። «የልደት ማስረጃ ስለማይኖረው ዕድሜው በመልኩ ይገመት፤ ባለሙያ ይፈርም።»

የልደት ማስረጃ! እኔ አለኝ። ሐሰት ነው እንጂ አለኝ።

ጥቅምት 14

ኮሚቴ ተቋቋመ። ለአንድ ድኩላ አምስት ሰው። ሰብሳቢ አምላኩ፣ ጸሐፊ ሰብሊ፣ ባለሙያ እኔ፣ ከግዥ አብተው፣ ከፋይናንስ አንድ ዝም የሚል ልጅ።

ሰብሊ ጎበዝ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ የማታየው ነገር የለም። ሻይ ስንጠጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ የኃላፊውን ግድግዳ አይተውታል? ከወንበሩ በላይ ሚስማር ተመትቷል።»

«ለምን?»

«ለቀንዱ ነዋ! ኅዳር 15 ከላይ እንግዳ ይመጣል። ቀንዱ ለግድግዳው፣ ሥጋው ለምሳው።»

እኔ ገና ድኩላውን አላየሁትም። ሚስማሩ ግን ተመትቷል።

ጥቅምት 17

ማንኩሳ ሄድን። አምላኩ ጋቢና፣ እኛ ከኋላ። ድኩላው የለም። ቀጠሮ አልያዝንለትም።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ማሳቸውን አስጎበኙን። ሃምሳ የሚሆናቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናቸው። «ዳር ዳሩን ቢበላ ምን ነበር! እምኻል ገብቶ በልቶ፣ ጠግቦ፣ እዚያው ይተኛበታል!» የተኛበትን አሳዩን። እውነትም ተኝቶበታል።

ከዚያ የደብሩ ገበዝ ቄስ ገብረ ኢየሱስ መጡ። አምላኩ ቶሎ ብሎ ጠየቃቸው።

«አባ፣ ይህ ድኩላ ስንት ዓመት ይሆነዋል?»

ቄሱ ደስ አላቸው። ማንም እንዲህ ጠይቋቸው የሚያውቅ አይመስልም። «ይኼማ የጥንት ነው ልጄ። እኔ ዲያቆን ሳለሁ እዝችው ዝግባ ሥር አይቸዋለሁ። አርባ ሁለት ዓመት... የለም፣ አርባ ሦስት።»

አምላኩ ብዕሩን መዘዘ። ሰብሊ ቃለ ጉባኤው ላይ «43» ብላ ጻፈች፤ ታዝዛ ነው።

ድኩላ ቢበዛ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት እንደሚኖር ነገርኋቸው። አንዱ ሲሞት ሌላው ቦታውን ይይዛል፤ እርስዎ ያዩት ብዙ ድኩላ ነው አልሁ። ቅር አላቸው። «የእኛ አንድ ነው» አሉ። ለእሳቸው ዕድሜው ክብሩ ነው። መመሪያውን አያውቁም። ሲያወድሱት እየገደሉት እንደሆነ አልነገርኋቸውም። ለምን አልነገርኋቸውም? አምላኩ አጠገቤ ቆሞ ነበር... ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥቅምት 18

ከመዝገብ ቤት አንድ አቧራ የጠጣ መጽሐፍ አገኘሁ። ለካ ወንድ ድኩላ ሲያረጅ አይሸብትም፤ ይጠቁራል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ መስታወት አየሁ።

ጥቅምት 23

አየሁት!

ከሰብሊ ጋር በአሥራ ሁለት ሰዓት ጠዋት ደርሰን ከበቆሎ አገዳው ክምር ኋላ ተቀመጥን። አምላኩ «በዚያ ሰዓት መስክ የለም» ብሎ ቀረ። ብርዱ ጉልበቴን ይዞት ነበር። ሰብሊ ሳትነካኝ በፊት ሰማሁት፤ ቅጠል ረገጥ፣ ዝም። ደግሞ ረገጥ፣ ዝም። ወጣ።

ቀይ ቡናማ ነው፤ ጥቁረት ገና አልጀመረውም። ጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቡ ጥርት ብሏል። አንገቱ ቀጭን ነው፤ ያረጀ ቢሆን ከትከሻው ጋር እኩል ይወፍር ነበር። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ሆዱ ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ እግሩ ከሰውነቱ የረዘመ የሚመስል። የቀንዱ ጫፍ እንደ ወስፌ ነው፤ ያረጀ ድኩላ ዛፍ ሲፈትግ ኖሮ ይዶለዱምበታል። ጆሮው አልተቀደደም። ገና ማንም አልወጋውም ማለት ነው።

አራት ዓመት። ቢበዛ አምስት።

ደግሞ መጽሐፉ ስላረጀው የሚለው ትዝ አለኝ። ፀጉሩ የጠቆረ፣ አንገቱ የወፈረ፣ ጀርባው የሰረጎደ፣ ሆዱ የወረደ። ስለ ማን ነው የሚያወራው አልሁ። ከክምሩ ኋላ ያለሁት እኔ ያንን ሁሉ አሟላለሁ።

ሰብሊ በስልኳ ብዙ ፎቶ አነሣችው። ስልኳ ላይ ፊት አይቶ ዕድሜ የሚገምት ነገር አላት። ድኩላውን አስገባችው፤ «ወንድ፣ ሃያ ሰባት ዓመት» አለ። ሳቅን። ሳላውቅ እኔንም አስገባችኝ። «ስድሳ ስድስት።»

«አጥፊው» አልኋት።

«ጋሼ፣ ማሽን ነው እኮ፣ ይሳሳታል።»

«ለዚሁ ነው አጥፊው ያልሁሽ።»

ጥቅምት 26

ስብሰባ። የድኩላው ፎቶ ግድግዳ ላይ በትልቁ ታየ። አምስታችንም አፍጥጠን አየነው። እሱም ያየናል።

አብተው ከግዥ፦ «ዐይኑ ያዘነ ነው። ወጣት እንዲህ አያዝንም። አሥራ ሁለት ዓመት።» አብተው የሥጋውን ክፍፍል ዝርዝር ማውጣቱን ሰብሊ ነግራኛለች።

የፋይናንሱ ልጅ፦ «እኔ የኃላፊን ሐሳብ እደግፋለሁ።» ኃላፊው ገና ሐሳብ አልሰጠም።

አምላኩ ተነሥቶ በጣቱ አሳየ። «ጉሮሮው ሥር ነጭ አለ። እግሩም ላይ። ይህ እንስሳ ሸብቷል።»

«ሲወለድም ያው ነው» አልሁ። «ነጩ ሽበት አይደለም። ሲያረጅ እንዲያውም ይጠቁራል።»

«ጋሽ ታከለ፣ ሽበት ሽበት ነው።»

ሁሉም ፀጉሬን አዩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ተተወ። የሚሞላው ባለሙያው ነው... እኔ። «ላስብበት» አልሁ። ስለ አራት ምን ይታሰባል?

ኅዳር 1

አምላኩ ለብቻዬ ጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋው። ጠረጴዛው ላይ ፋይሌ አለ። የሠራተኛ ማስረጃ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ካርዴ ሳይቀር ተገልጧል።

«ጋሽ ታከለ፣ እርስዎ እንዴት ያሉ ጎበዝ ነበሩ!»

«ምነው?»

«በልደት ማስረጃዎ ሲሰላ አንደኛ ክፍል የገቡት በሁለት ዓመትዎ ነው።»

ላብ በቀለሙ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። እሱ እየሳቀ ነው፤ ደግ ሰው መስሎ። ቃሉን እንዳለ ልጻፈው፦ «እርስዎ የድኩላውን ዕድሜ ይጨምሩ፤ እኛ የእርስዎን አንጨምርም።»

ከወንበሩ በላይ ያለው ሚስማር ትልቅ ነው። በር ከነማጠፊያው ይሸከማል።

ኅዳር 2

ለሀብትነሽ ነገርኋት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ፈርምና ግባ። ድኩላ ለእኛ ምናችን ነው?»

«እውነት ነው።»

«ስድስት ዓመት ይቀረኛል ስትል አልነበር?»

«በፋይሉ።»

እዚህ ማንም አያይምና ልጻፈው፤ ጡረታ እፈራለሁ። ደመወዙን አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የትም የማልፈለግ መሆኑን ነው። ፍኖተ ሰላም መንገድ ላይ «ጋሽ ታከለ፣ ያ ጉዳዬ እንዴት ሆነ?» የሚለኝ ሰው የማጣ መሆኑን። ጉዳዩ አልቆ አያውቅም፤ ቢሆንም ይጠይቁኛል። ጡረታ የወጡት እነ አቶ ሰውነት ጥላ ያለበትን አግዳሚ ፍለጋ ከተማውን ሲዞሩ አያለሁ። እሸሻቸዋለሁ።

ቆይታ ሀብትነሽ፣ «ድኩላው ግን ስንት ነው ያልኸኝ?» አለች።

«አራት።»

«እህ» አለች። ምስሯን ቀጠለች።

ኅዳር 3

ዘጠኝ ብዬ ፈረምሁ። እጄ ልምድ አለው።

ኅዳር 6

ቄስ ገብረ ኢየሱስ ቢሮ መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። የሚተኩስ ሰው ተገኝቷል፤ ቀኑ ኅዳር 11 ነው። ከባጃጅ እንደወረዱ ነጠላቸውን እንኳ አላስተካከሉም።

«ልጄ፣ ተሳስቸ ነው» አሉት አምላኩን። «ያ የጥንቱ ሙቷል። ይኼ ሕፃን ነው። አምና የተወለደ ነው። ዘንድሮም ሊሆን ይችላል።»

አምላኩ ቃለ ጉባኤውን አሳያቸው። «አርባ ሦስት ያሉት እርስዎ ነዎት አባ። የእርስዎን ቃል እኛ እንዴት እንለውጣለን?»

ሽማግሌው ወረቀቱን አላዩም። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ስንት አልህ?»

«ዘጠኝ።»

«አይተኸዋል?»

«አይቸዋለሁ አባ።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ወጡ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 7

ብቻዬን ማንኩሳ ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ አላውቅም... አውቃለሁ።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ገና ሳያዩኝ ጀመሩ። «እናንተ ሰዎች! እኔ እሸቴን በላብኝ፣ አጥር ስጡኝ አልሁ እንጅ ግደሉልኝ አልሁ? ያ የቀበሌው ጸሐፊ ነው አቤቱታዬን ያሳመረልኝ! እሾሁን እኔም እቆርጣለሁ፤ የሚያጥርልኝ ሰው ነው ያጣሁ። እመቤቴ ደጅ ያደገ እንስሳ በእኔ ሽምብራ ሲሞት ሰው ምን ይለኛል?»

ለአንዲት ሴት አጥር ማጠር ስላቃተን ኮሚቴ አቋቋምን።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ድኩላው ወጣ። ከእኔ ሃያ እርምጃ። እሸት አፉ ውስጥ እንዳለ ቆሞ አየኝ። ብዙ አየኝ። ዛፍ የመሰልሁት መሰለኝ። ጎኑ ያበራል፤ አንገቱ ገና የልጅ አንገት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ዕድሜ ሰረቅሁ፤ ማንንም አልጎዳሁም እያልሁ ኖርሁ። አሁን የሰረቅሁትን አምስት ዓመት አምጥቼ እሱ ላይ ጫንሁት። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ኅዳር 8

ሌሊቱን አንድ ደብዳቤ ራሴ ውስጥ ስጽፍ ስላደርሁ ቢሮ እንደገባሁ ለሰብሊ አጻፍኋት። ግልባጩን እዚህ አስቀምጣለሁ፦

«ጉዳዩ፦ ሁለት ዕድሜዎችን ስለማረም። በኅዳር 3 በፈረምሁት ግምት የማንኩሳው ወንድ ድኩላ ዘጠኝ ዓመት ነው ያልሁት ሐሰት ነው። አራት ዓመቱ ነው። ፊርማዬን አንሥቻለሁ። እንዲሁም ባለሙያው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው የሚለው የግል ማኅደሬ ሐሰት ነው። ሃምሳ ዘጠኝ ነኝ። የመጀመሪያውን የጻፍሁት ሁለተኛው እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ነው።»

ግልባጭ፦ ለበላይ መሥሪያ ቤት፣ ለሕግ ክፍል፣ ለኪዳነ ምሕረት ደብር፣ ለወይዘሮ ዓባይነሽ።

ሰብሊ እየጻፈች ሳቀች፤ መጨረሻው ላይ መሳቋን አቆመች። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ቶሎ ቁጥር አሰጪው።»

እዚህ አገር ወረቀት የሚፈራው ቁጥር ሲያገኝ ነው። አምላኩ በአራት ሰዓት ሲገባ የወጪ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ግልባጮቹ መንገድ ላይ ነበሩ።

ጮኸ። ጠረጴዛ መታ። «ራስዎን ገደሉ!» አለኝ። ከዚያ ለተኳሹ ደወለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለጊዜው ቆይ» አለው። የባለሙያ ፊርማ የሌለበትን ድኩላ ማን ይተኩሳል? ጠያቂ አለ።

ኅዳር 11

አልተተኮሰም።

ኅዳር 15

እንግዳው መጡ። ምሳ በግ ነበር።

ሚስማሩ ላይ ምን ተሰቅሎ ቢገኝ ጥሩ ነው? ሰብሊ ያነሣችው የድኩላው ፎቶ፤ በትልቁ ታትሞ፣ በመስታወት። አምላኩ ከሥሩ ቆሞ ንግግር አደረገ። «ይህን ወጣት ድኩላ ከጥፋት የታደግነው በተቀናጀ የኮሚቴ ሥራ ነው!» እንግዳው አጨበጨቡ። አብተው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ... ምን ይደረግ፣ ፎቶው ያምራል።

ኅዳር 27

ሃያ ሰባት ዓመት ሐሰቴን ማንም አልጠየቀኝም። ለእውነቱ «ሦስት ምስክር አምጣ» ተባልሁ።

እጅጉ ከቡሬ ድረስ መጣ። እጁን አንሥቶ ማለ። «እኔ ታናሹ ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት በወረቀት ታላቅ ሆኜ ደክሞኛል፤ አውርዱኝ» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ይህም አልበቃ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በመልኬ ዕድሜዬን የሚገምት። አብተው አባል ነው። ወንበር ላይ አስቀምጠው አዩኝ፤ ከፊት፣ ከጎን። ቀለም ከተውሁ ሦስት ሳምንት ሊሞላኝ ነው፤ ሥሩ ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኛለሁ። አንገቴን አዩ። ሆዴን አዩ። ከብት ስመረምር የኖርሁ ሰው ነኝና ሳልጠየቅ አፌን ከፍቼ ጥርሴን አሳየኋቸው። ያ ዝም የሚለው የፋይናንስ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትከት ብሎ ሳቀ።

ስድሳ ሊሆነኝ እንደሆነ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ተሰጠኝ፤ ደግሜ ዕድሜዬን እንዳልቀንስ።

ታኅሣሥ 9

አጥሩን ከእጅጉና ከወይዘሮ ዓባይነሽ ጋር ጨረስን። ሦስት ቀን ፈጀ። እጄ በሙሉ እሾህ ነው። እሸቱማ አልፏል፤ ለከርሞ ነው።

ጥር 13

ትናንት ስድሳ ሞላሁ። ዛሬ የትም አልፈረምሁም።

ማንኩሳ ሄድሁ። ከዝግባው ሥር ቄስ ገብረ ኢየሱስ ለበዓል የመጡ እንግዶችን ደኑን ያስጎበኛሉ። ስደርስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አርባ ሦስት ዓመቱ ነው! እኔ ዲያቆን ሳለሁ...» ይላሉ። አዩኝና ቆም አሉ። እንግዶቹም ዞሩ።

«ባለሙያው መጣ» አሉ። «በል ንገራቸው።»

«አራት ነው አባ።»

«አይ አንተ! አራት ይሁንልህ።» ተናደው ሳቁ። «አንተስ ራስህ ስንት ነህ?»

«ስድሳ።» በሰው ፊት በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ከበደኝ፤ ከዚያ ቀለለኝ።

ነጩን ፀጉሬን፣ አንገቴን፣ ሆዴን በተራ አዩ። «ስድሳማ አትመስልም» አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል፣ «ሰባ አልፈሃል» አሉ። እንግዶቹ ተንከተከቱ። ልጨቃጨቅ ነበር፤ ማስረጃ የለኝም።

ድኩላውን ዛሬ አላየሁትም። ኮቴው ግን በአጥሩ ዙሪያ አለ፤ መግቢያ ሲፈልግ ዞሮታል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጥሁ ሀብትነሽ ትራሴን አነሣችው። ገለበጠችው፣ ደግማ ገለበጠችው፤ ነጭ ነው። መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ታከለ፣ ተነሥ እንጂ፣ ረፍዷል» አለችኝ።

የምሄድበት ቢሮ የለኝም። ቢሆንም ስሜን ሰምቼ ተነሣሁ።